እሳት ውስጥ የለኮስኳት ክብሪት

ሰው ሲጠይቀኝ «ያኔ የደን ልማት ሠራተኛ ነበርኩ» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ዋናው ሥራዬ ክብሪት መንጠቅ ነበር። ከታኅሣሥ ጀምሮ ዝናብ እስኪጥል ድረስ ከገረሴ ወዲህ ያሉትን የቁልቁለት መንደሮች እየዞርኩ ከየቤቱ ክብሪት እለቅማለሁ፤ በሸራ ቦርሳዬ አጭቄ ወደ አርባ ምንጭ እወርዳለሁ። ሴቶቹ ፍም በገል እየተዋዋሱ ይከርማሉ። አንድም ቀን አላፈርኩም። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ካኪ ጃኬት አለኝ፤ ከኮሌጅ ያገኘሁት ወረቀት አለኝ፤ አባቴ የሚሆነውን ገበሬ ሁሉ «አንተ» እለዋለሁ። ጢሜ እንኳ በቅጡ አልወጣም ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከድርቁ በኋላ አገር ሁሉ ዛፍ ይትከል በተባለበት ጊዜ መሥሪያ ቤታችን በዚያ ቁልቁለት ላይ ችግኝ አስተክሎ ነበር። በበጋ ሜዳ ላይ እሳት የለኮሰ ሰው ስሙ አሻጥረኛ ነው። አሻጥረኛ የምትለዋ ቃል ያኔ ቀላል አልነበረችም፤ ሰው ይዛ ሄዳ ሳትመልስ ትቀር ነበር።

አቶ ዛሳን የያዝነው በዚህ ነው። ከነዚያ መንደሮች የአንዱ ሽማግሌ ነው፤ ስድሳ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። በእነሱ አገር ልማድ ሣሩ ግማሽ እርጥብ ግማሽ ደረቅ በሆነበት ሰሞን፣ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ፣ ወንዶቹ ቅጠላም ቅርንጫፍ ይዘው ይሰለፉና ከመንደሩ በታች ያለውን ሣር ልክ እንደ ቀበቶ ጠበብ አድርገው ያቃጥሉታል። በበጋ ከሥር የሚመጣ እሳት እዚያ ባዶ መሬት ላይ ሲደርስ የሚበላው ያጣና ይሞታል። ቃጠሎውን የሚመራው ዛሳ ነበር፤ ከእሱ በፊት አባቱ። በዚያ ዓመት ክልከላው አስፈርቷቸው ዘገዩ። ከቀበቶው ግማሽ በላይ እንዳቃጠሉ የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ በቀለ ደረሰባቸውና ዛሳን ይዞ ወደ እኔ መልእክት ላከ። ለምን እንዳቃጠሉ አልጠየቅኩም። እኔ የተላክሁት ልይዝ እንጂ ልጠይቅ አይደለም ብዬ አስብ ነበር።

በጥር ወር አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከመንደሩ ተነሳን። ከፊት በቀለ፣ ጠብመንጃውን አንግቶ፤ ቀጥሎ ዛሳ፣ እጆቹ ከፊቱ በገመድ ታስረው፤ ከዚያ እኔ፣ የክብሪት ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፤ ከኋላ ደግሞ የዛሳ ልጅ ማርታ። ማርታን ማንም አልጠራትም። የአባቷን ስንቅ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ የስምንት ወር ልጇን አዝላ፣ በትልቅ ቅል ቦርዴ ይዛ ተከተለችን። ቦርዴ የአገሩ ጠላ ነው። እሷ ጴንጤ ስለሆነች አትቀምሰውም፤ አባቷ ግን ያለ እሱ መንገድ አይገፋለትም።

«ተመለሺ» አልኳት።

«እስር ቤት ምግብ ማን ይሰጠዋል?» አለችኝ። ተውኳት።

ሐሳባችን ቁልቁለቱን ጨርሰን ከሥር ባለው የኮንሶ መንገድ ላይ መኪና ጠብቀን፣ ሳይመሽ አርባ ምንጭ መግባት ነበር። ሣሩ ከወገብ በላይ ነው፤ ስናልፍበት ይንኮሻኮሻል። ከሩቅ ጫሞ ሐይቅ ይታየናል። ስድስት ሰዓት ገደማ ሲሆን ዛሳ ቆመና አሸተተ።

«ሣር ትቃጠላለች» አለ።

«አንተ ያቃጠልከው ነዋ!» አለ በቀለ። እኔም ሳቅኩ።

«የእኔ አሮጌ ነው። ይሄ አዲስ ነው።»

ጥቂት እንደወረድን ሐይቁ ጠፋን። በእሱ ፋንታ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ነጭ ጭስ ነበር። ማን እንደለኮሰው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማር ቆራጭ ይሁን ለከብቱ ሣር የሚያድስ ሰው፣ ብቻ ከሥራችን ያለው ሜዳ በሙሉ ይነድ ነበር።

«ነፋሱ ገና ከላይ ነው» አለ ዛሳ። «ጠዋት ከተራራ ይወርዳል፣ ከሰዓት ከሐይቅ ይወጣል። ሲዞር እሳቱን ይዞ ይመጣል። አሁን ወደ መንደር እንመለስ፤ እግራችን ይደርሳል።»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ብመለስ ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፈውም ነበር። እኔ ግን ሽማግሌው መንደሩ ሲደርስ ሊያመልጠኝ ያሰበ መሰለኝ። ዘመዶቹ ያስጥሉታል፣ እኔ ባዶ እጄን ገብቼ የቢሮ መሳቂያ እሆናለሁ አልኩ።

«ወደፊት!» አልኩ። «እሳቱን በጎን እናልፈዋለን።»

«ጓድ፣ አባቴ አገሩን ያውቃል» አለች ማርታ።

«እኔም አውቃለሁ» አልኳት። የማውቀው በካርታ ነበር።

ግማሽ ሰዓት ያህል ወረድን። ከዚያ ነፋሱ ለአፍታ ጸጥ አለ። ሣሩ መንቀሳቀስ አቆመ። ዛሳ ዞር ብሎ አየኝ። ወዲያው ከሥር ሞቃት አየር ፊታችን ላይ መጣ፤ ቀጥሎም ጭሱ። ጭስ እንዲህ ቶሎ የሚመጣ አይመስለኝም ነበር። ፀሐይዋ እንደ ብርቱካን ቀላች፤ ዓይኔ በእንባ ተሞላ፤ ደረቴ ውስጥ ሰው በጥፍሩ የሚቧጥጠኝ ያህል ሆነ። ሕፃኗ ማሳል ጀመረች። በትንሽ ደረት የሚወጣ ደረቅ ሳል ነበር፤ እሱን ድምፅ እስካሁን ስሰማው እነቃለሁ።

«ወደ ላይ እንሩጥ!» አልኩ።

«አይሆንም» አለ ዛሳ። «ሽቅብ እሳት ከሰው ይፈጥናል። ቅድም ነበር፤ አሁን አልፏል።»

በስተቀኛችን ገደል ነው፤ ድንጋዩ ቁልቁል እንደ ግድግዳ ቆሟል። በስተግራችን ጠባብ ሸለቆ አለ፤ ዛፍና ቁጥቋጦ የሞላበት፣ ከሥሩ ትንሽ ውኃ ያለበት። በቀለ ሸለቆውን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«ውኃ አለ!» ብሎ እግሬ አውጪኝ አለ።

«በቀለ! ተው! ሸለቆ እሳት ይስባል! ጭስ መውጫው ነው!» ዛሳ በአማርኛም በጋሞኛም ጮኸበት። በቀለ ዞሮ አላየም። ሸለቆ ውስጥ ሲገባ ጭሱ ዋጠው።

ሦስት ቀረን፤ ከነሕፃኗ አራት። እሳቱ አሁን ይሰማል። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ነው፤ በመሐል በመሐል አንድ ነገር ይፈነዳል። አንበጣና አይጥ በእግራችን መሐል እየሸሹ ሽቅብ ያልፋሉ። ከላይ መድረስ አንችልም፣ ከታች እሳት ነው፣ ግራና ቀኙ ተዘግቷል። የቆምንባት ቦታ አንድ የቤት ግቢ ታህላለች፤ እሷም ሙሉ ሣር ናት። ሰው እንዲህ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰፊ ሜዳ ላይ፣ ልክ ሳጥን ውስጥ እንደተቆለፈበት መሆኑ ይገርማል። እናቴን ጠራኋት። አላፍርበትም።

«ቢላ አለህ?» አለኝ ዛሳ።

ነበረኝ። ገመዱን ቆረጥኩለት። የእጁን አንጓ እያሻሸ በእርጋታ ዙሪያውን ቃኘ።

«የተቃጠለ መሬት ሁለተኛ አይቃጠልም» አለ። «ከበላያችን ያለውን ሣር እንለኩሳለን። ነፋሱ የእኛን እሳት ወደ ላይ ይዞት ይሄዳል። ከኋላ የምትቀረው ነበልባል ትንሽ ነች፤ ዘለን እንሻገርና ጥቁሩ ላይ እንተኛለን። የታችኛው ሲመጣ የሚበላው የለም። ክብሪት ስጥ።»

ክብሪትማ የጎደለኝ አልነበረም። ቦርሳዬን ከፍቼ አንድ ፓኮ አቀበልኩት። አልተቀበለኝም። እጁን ወደ ኋላው ሰበሰበ።

«አንተ ለኩስ» አለኝ።

«እንዴት? እርስዎ ያውቁበት የለ!» «እርስዎ» ማለት የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ሞት ትሕትና ያስተምራል።

«እኔ ከለኮስኩ ነገ ቢሮ ስንገባ 'ሽማግሌው ደገመ' ትላለህ። አንተ በእጅህ ለኩስ። ለምን እንደሚለኮስ እወቅ።»

«መንደሩስ? እሳታችን ወጥቶ መንደሩን ቢበላው?»

«እኔ ያቃጠልኩት ጋ ሲደርስ ይሞታል» አለ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ያልጨረስነው ጎን ግን ክፍት ነው። እዚያ በኩል ያለው የማርታ ቤት ነው።»

ማርታን አየኋት። ልጇን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ አዙራ በነጠላ ትሸፍናታለች። የሣር ቤቷ፣ ጓዳዋ፣ በላብ ያቆመችው ሁሉ ከላያችን ነው። ከሥር የሚመጣው እሳትም ሄዶ ሄዶ እዚያው መድረሱ አይቀርም፤ ግን በእኔ እጅ ሲሆን ሌላ ነገር ነው። 

«ወንድሜ» አለችኝ፤ ጓድ አላለችኝም። «ቤት ሣር ነው። እንሰቱም ከሥሩ ይበቅላል። ልጄ አትበቅልም። ለኩስ።»

የመጀመሪያዋ ክብሪት ተሰበረች። ሁለተኛዋን ነፋሱ አጠፋት። ሦስተኛዋ ላይ እጄ በላብ ርሶ ሳጥኑን አረጠብኩት፤ ጣልኩትና ሌላ ከፈትኩ። ዛሳ አጠገቤ ተንበርክኮ በጋቢው ከለላ ሠራልኝ። አልተቆጣኝም፣ አላጣደፈኝም። «ቀስ» ይለኛል፣ ሳል እያቋረጠው፣ «ቀስ ልጄ»። አራተኛዋ ያዘች።

ሣሩ ቦግ ብሎ ተነሳ። የገዛ እሳታችን ሽቅብ ሲሮጥ ሳይ ከታችኛው ይልቅ እሱን ፈራሁት። ዛሳ ቅሉን ከማርታ ተቀበለና ቦርዴውን በጋቢው፣ በነጠላዋና በጃኬቴ ላይ ደፋው። ውኃ አልነበረንም፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ። አፍና አፍንጫችንን በረጠበው ጨርቅ ሸፈንን። ሕፃኗንም ትንፋሽ ሳናሳጣት ሸፈንናት።

«አሁን!» አለ ዛሳ።

ጉልበት የማይደርሰውን ነበልባል ዘለልን። የማርታ ቀሚስ ጫፍ ያዘና በእጄ አጠፋሁት። መሬቱ ትኩስ አመድ ነው፤ የኔ ቆዳ ጫማ ሸተተ፤ ዛሳ ደግሞ በባዶ እግሩ ነበር። ከጥቁሩ መሐል ድንጋያማ ቦታ ፈልጎ አስተኛን። እናትና ልጅን ከመሐል አደረግን። ፊታችንን ወደ መሬት ደፋን፤ ጥሩ አየር ያለው እዚያ ነው።

የታችኛው እሳት ሲደርስ ቀን ጨለመ። ሙቀቱ በጃኬቴ አልፎ ጀርባዬን ላጠኝ። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም። የሕፃኗን ሳል እየቆጠርኩ ነበር፤ ሳል ካለ ሕይወት አለ። ማርታ በጋሞኛ ትጸልያለች። አንድ ጊዜ ሳሉ ቆመ። ማርታም ጸሎቷን አቋረጠች። ዛሳ ነጠላውን ገለጥ አድርጎ ጉንጯን መታ መታ አደረጋት። ዝም። እንደገና መታ አደረጋት። ከዚያ በቦርዴ የሰከረች ይመስል በአስፈሪ ድምፅ ጮኸችብን። እኔ አለቀስኩ፤ እናቷ ሳቀች።

ቀና ስንል ዙሪያው ሁሉ ጥቁር ነበር፤ እኛ በሕይወት ነበርን።

በቀለን ሸለቆው አፋፍ ላይ አገኘነው። አልሞተም፤ እግሮቹና እጆቹ ግን ተቃጥለው ነበር። ዛሳ ከሸለቆው ውኃ እያመላለሰ ለረጅም ጊዜ አፈሰሰበት። ጭቃ ልቀባው ስል ከለከለኝ፤ ከስንቁ ላይ የእንሰቱን ቅጠል ፈትቶ በላዩ አለበሰው። ከዚያ እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ ወደ መንደሩ ተጣራ። እየቆየ፣ እየሳለ፣ ተጣራ። ከላይ መልስ ሲመጣ ያመንኩት ቆይቼ ነው። ወንዶቹ ቃሬዛ ሠርተው ወረዱ። ሽማግሌያቸውን ያሰረውን ጥበቃ ተሸክመው እስከ መንገዱ አደረሱት። መንደሩ ተርፏል አሉን። ማርታን ግን ማንም ደፍሮ አላያትም፤ በዚያ ዝምታ ቤቷ መቃጠሉን አወቀች።

መንገድ ላይ የጭነት መኪና አስቆምን። ልሳፈር ስል ዛሳ ሁለት እጆቹን ዘረጋልኝ።

«እሰረኝ» አለኝ።

«ምን ነካዎት!»

«ያለ ገመድ ካዩኝ አንተ ትጠየቃለህ። እሰረኝ።»

አሰርኩት። አላልቶም ቢሆን አሰርኩት። ያዳነኝን ሰው።

አርባ ምንጭ ሴቻ ሠፈር ካለው ቢሯችን ስንገባ ወሬው ቀድሞን ነበር። አለቃዬ ጠረጴዛውን መታ። «ችግኙ ሁሉ ነዷል! ማነው የለኮሰው?»

አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ፣ ከፍቼ ነበር። «እኔ» ለማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? አሻጥረኛ የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተጋደመች።

«እኔ ነኝ» አለ ዛሳ።

አለቃዬ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወለሉን አየሁ። ወሰዱት።

ከእሳቱ መውጣቴን ለብዙ ሰው አውርቻለሁ። ይህን ግን ዛሬ መጻፌ ነው። ወገኖቼ፣ ሰደድ እሳት ካጋጠማችሁ ሽቅብ አትሩጡ፤ ሸለቆ ውስጥ አትግቡ፤ የተቃጠለ መሬት ፈልጉ፤ ጭስ ከመጣ ዝቅ በሉ፤ ከሁሉም በፊት አገሩን የሚያውቅ ሰው ሲናገር ካርታችሁን አጥፋችሁ ስሙ። ይህን ሁሉ ዛሳ አስተምሮኛል። ከራሴ ዝምታ እንዴት እንደምወጣ ግን ያስተማረኝ አልነበረም። ስድስት ቀን ሙሉ ቢሮ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ፈረምኩ። ለራሴም «ሽማግሌ ነው፣ ይለቁታል» እል ነበር።

በሰባተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ማርታ ቢሮዬ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ቤት ስለሌላት በከተማው ሌላ ሠፈር፣ ሲቀላ፣ ዘመድ ዘንድ ነበረች፤ ልጇም ሐኪም ቤት እየተመላለሰች ሳሉ ቀለል ብሎላታል። በሳህን የተከደነ ኩርኩፋ፣ ያ ሀለኮ በሚባለው ዛፍ ቅጠል የሚሠራው የበቆሎ ምግብ፣ አቀበለችኝ።

«አባቴ ነው። 'ግማሹን ለዚያ ልጅ ስጪ፣ እናቱ እዚህ የለችም' ይለኛል። እኔ ግን በየቀኑ ሰው መሐል ስላየሁህ ፈርቼ እመለሳለሁ።»

«ሰባት ቀን ሙሉ?»

«ሰባት ቀን።»

አንድ ጊዜ ጎረስኩ። አልወረደልኝም። ሳህኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ወደ አለቃዬ ገባሁና ሁሉንም ነገርኩት፤ ክብሪቱን፣ አራተኛዋን እንጨት፣ ገመዱን፣ እምቢ ብዬ ያባከንኩትን ግማሽ ሰዓት። በቀለም ከአልጋው ላይ ሆኖ እሳቱ ከሥር መምጣቱንና ዛሳ እንዳዳነው መሰከረ። ያን ቀን ማምሻውን ዛሳን አወጡትና እሱ በነበረበት ክፍል እኔን አስገቡኝ። በር ላይ ስንተላለፍ ጭንቅላቴን በመዳፉ ነካ አደረገኝ።

ሥራዬን አጣሁ፤ ሦስት ሳምንት ታሰርኩ። ምግብ የሚያመጣልኝ ሰው በከተማው አልነበረኝም። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሌሎቹ እስረኞች ስንቃቸውን ሲቀበሉ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥኩ። በር ላይ ዘበኛው እንደ ደንቡ አንዲት ሴት ሲጠይቅ ይሰማኛል።

«ማንን ነው?»

ስሜን ጠራች።

«ምንሽ ነው?»

«ወንድሜ ነው» አለች ማርታ።